አንዲት ጣሳ ውኃ በአቃቂ መንገድ



ከደቀ መዛሙርቱ ለአንዱ አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያጠጣ ሰው ዋጋው እንደማይጠፋበት ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አስተምሮናል (ማቴ. 10፥42)። ይህን ትምህርት ሁላችንም ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ እኔም በክህነት ዘመኔ ደጋግሜ ሰብኬበታለሁ። ትርጉሙን የተማርሁት ግን ከመጽሐፍ ገጽ ሳይሆን፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው በአቃቂ፣ በመንገድ ዳር በቆሎ ጠብሰው ከሚሸጡ አንዲት እናት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለ እርሳቸው ደግነት ብቻ ሳይሆን ስለ ራሴ በደልም ጭምር ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ዛሬ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ቀድሞ ግን አቃቂ ራሷን የቻለች የመንገድ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ወደ ዋና ከተማው ይገባ የነበረው በእርስዋ በኩል ነው። ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አዳማ የሚወስደውም አሮጌው አውራ ጎዳና በመካከልዋ ያልፋል። የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችዋ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ ሰብስበዋል። ስለዚህ በአቃቂ ያላለፈ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ቆም ብሎ ያያት ግን ከዚያም ያነሰ ነው። እኔም ከሚያልፉት እንጂ ከሚያዩት ወገን አልነበርሁም።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በክረምት ወራት፣ በደብረ ዘይት በሚደረግ ሱባዔ ላይ ትምህርት እንድሰጥ ተጠርቼ በአውቶቡስ እጓዝ ነበር። የትምህርቱ ርእስ በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር (ሉቃ. 10፥25-37)። ጽሑፌን በጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሳነብ አውቶቡሱ አቃቂ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከጭቃው ዳር ተሰበሰበ። ከመካከላችን አንዲት ወጣት ልጅ ነበረች፤ ኋላ እንደ ተረዳነው ከሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ታምማ ወደ አገርዋ የምትመለስ ነበረች። ልብስዋን በፌስታል ቋጥራ እንደ ያዘች በድንገት ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ሁላችንም ከበብናት። አንዱ የሚጥል በሽታ ነው አለ፤ ሌላው ተላላፊ እንዳይሆን ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሦስተኛው ዘመድ የላትም ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ ደግሞ ሰዓቴን አየሁ። በተራ ልብስ ስለ ነበርሁ ካህን መሆኔን ያወቀ አልነበረም፤ ባለመታወቄም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ልቤ ዐረፈ።

በዚያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ በቆሎ ይጠብሱ የነበሩ አንዲት ባልቴት ምድጃቸውን ትተው ተሻገሩ። በአንገታቸው ላይ ማተብ ነበረ። ጭቃው ላይ ተንበርክከው የልጅቷን ራስ በጭናቸው ላይ አሳረፉና በጣሳ ካመጡት ውኃ ከንፈርዋን አራሱላት። ከዚያም ቀና ብለው እኔን ተመለከቱኝ።

«ምን ቆመህ ታያለህ ልጄ? በዚያ በኩል ያዝልኝ እንጂ!» አሉ።

ያዝሁ። ከአንድ የቀን ሠራተኛ ጋር ሆነን አንዲት ክፍል ወደ ሆነችው ጎጆአቸው አስገባናት። ባልቴቲቱ እግርዋን አጠቡላት፤ አጥሚት አፍልተው በማንኪያ አጠጧት። አንዲት ሙስሊም ጎረቤታቸውም ሳይጠራት ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። ልጅቷ ዓይንዋን ስትገልጥ፣ «እናቴ፣ ልጅቷን ያውቋታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከየት አውቃታለሁ? መንገድ ላይ የመሸባት የእግዚአብሔር እንግዳ ናት» አሉኝ።

ገንዘብ አውጥቼ ልሰጣቸው ብሞክር እጄን መለሱ። «ለእርስዋ መሳፈሪያ ይሁናት፤ እኔ ውኃ አልሸጥም» አሉ። ያ ውኃ ግን ከቦኖ በጀሪካን ተገዝቶ የመጣ ነበር። ጀሪካኑ በበሩ ጥግ ቆሞ አይቼዋለሁ፤ የቀረው ከግማሽ በታች ነበር።

አውቶቡሱ ተጠግኖ ጥሩምባውን ሲነፋ ልጅቷን ከእርሳቸው ዘንድ ትቼ ሄድሁ። ማታውን በሱባዔው ላይ ያየሁትን ሁሉ ተናገርሁ። የባልቴቲቱን ደግነት ሰምተው ያለቀሱ ነበሩ። እኔ ግን ሰዓቴን ማየቴን ሸሸግሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያን የሸሸግሁትን ለመናዘዝ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ቆስሎ የወደቀውን ሰው ትተው የሄዱት ካህንና ሌዋዊ ጨካኞች እንደ ነበሩ ወንጌሉ አይነግረንም፤ አይተው ማለፋቸውን ብቻ ይነግረናል። ምናልባት እነርሱም ሰዓት ደርሶባቸው ነበር፤ ምናልባትም እንደ እኔ ስለ ፍቅር ሊያስተምሩ ይሄዱ ነበር። የሕግ ዐዋቂው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጌታችን ጥያቄውን ገልብጦ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቀው። ባልንጀርነት እንግዲህ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ቀርበን የምንሆነው ነው። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት «ፍራቴሊ ቱቲ» በተሰኘው መልእክታቸው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ ምሳሌ የሰጡት በከንቱ አይደለም።

የሀገራችን ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም የመንገደኞች ልጅ ናት። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፣ አቡነ ያዕቆብ ብለን የምንጠራቸውን ቅዱስ ዮስጢኖስን በቅርብ ያወቁት በጉዞ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከሄዱት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ጋር አብረው ተጓዙ፤ ሮምም ደረሱ። ሊቁን መነኩሴ የሳባቸው ክርክር ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ረጅም መንገድ ያዩት ትሕትናና ትዕግሥት ጭምር እንጂ። አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ በጉዞ ላይ ዐረፉ። ቅዱስ ዮስጢኖስም እ.ኤ.አ. በ1860 በመንገድ ላይ ሳሉ ዐረፉ። ሰው በመንገድ ሲደክም የልቡ ሽፋን ይገለጣል፤ እምነቱም ያን ጊዜ ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚወጣው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። የከተማችን ፍሳሽና ቆሻሻ ደግሞ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ወርዶ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። እኛ ወደዚያ ጉድፋችንን እንልካለን፤ ከዚያ ግን ንጹሕ ውኃ ይመጣልናል። እኚያ ባልቴትም እንዲሁ አደረጉ። ከተማው አድክሞ የጣላትን ልጅ ተቀበሉ፤ ገዝተው ያመጡትን ውኃ በነጻ አጠጡ። ስንጠላው የወደደንን፣ ስናቆስለው የፈወሰንን ጌታ ሥራ በእርሳቸው እጅ አየሁት። እኔን ካህኑን ወንጌል ያስተማሩኝ፣ ከእኔ ጋር በአንድ መቅደስ የማይቆርቡ፣ ስማቸውንም ያልነገሩኝ እናት ናቸው።

ከወራት በኋላ ብድሬን ልከፍል ወደ አቃቂ ተመለስሁ። በመንገዱ ዳር የነበሩት ጎጆዎች ፈርሰው ነበር፤ ባልቴቲቱ ወዴት እንደ ሄዱ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ብዙ አዘንሁ። ኋላ ግን ይህ ዕዳ ላበደረው የሚመለስ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ጌታችን የሕግ ዐዋቂውን ሄዶ እንደ ሳምራዊው እንዲያደርግ አዘዘው እንጂ ሳምራዊውን ፈልጎ እንዲያመሰግን አላዘዘውም። የተቀበልነውን ቸርነት የምንከፍለው በፊታችን ለወደቀው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ የሚደርሰው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ መንገደኛ አሮጌውን ጎዳናና በዳሩ ያሉትን ከተሞች ሳያይ ያልፋል። የመንገድ መሻሻል በረከት ነው። ሆኖም ፊልጶስ ወደ ጃንደረባው ሠረገላ ባይቀርብ ኖሮ ያ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ በምድረ በዳው መንገድ ውኃና ጥምቀት ባላገኘም ነበር (የሐዋ. 8፥26-39)። እንግዲህ በመኪና ስንሄድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ወደ ሥራ ስንቸኩል፣ የወደቀ ሰው ብናይ ሰዓታችንን ከማየታችን በፊት ፊቱን እንይ። ያለን አንዲት ጣሳ ውኃ ብቻ ብትሆን እርስዋን ይዘን እንሻገር።

እንግዳ ሆኖ የመጣው ጌታ የእኚያን እናት ውኃ እንደ ተቀበለ የእኛንም ይቀበል። የዘገየነውንም ይቅር ይበለን። አሜን።