ያልተጠየቀ እውነት

ወጣቶች ሆይ፣ ሰው ያልጠየቀንን ነገር ሳንነግረው ብንቀር ዋሽተናል?

ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ልትሸጡ ነው እንበል። ኪሎ ሜትሯ 90,000 ይላል። የፍሬን ፔዳሏ ጎማ ግን አልቋል፤ መሪዋ ለስልሶ ያብለጨልጫል፤ የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዷል። አምና ደግሞ ዘይት መብላት ስለጀመረች ሞተሯ ወርዶ ፒስተንና ፋሻው ተቀይሯል። ገዢው ከገበዝ ማርያም የመጡ ገበሬ ናቸው፤ የበርበሬ ሽያጭና የዕቁብ ገንዘባቸውን ይዘው ለልጃቸው ሥራ ሊከፍቱለት ነው። ቁጥሩን አይተው ደስ አላቸው። ስለ ሞተሩ አልጠየቁም። ደላላውም በዓይኑ «ዝም በሉ» ይላችኋል።

ክርክሩ የቆየ ነው። ሮማዊው ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት 44 ዓመት በፊት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ረሀብ ወዳለባት ወደ ሮድስ ደሴት እህል ስለጫነ ነጋዴ ያነሣል። ነጋዴው ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? አንዱ ፈላስፋ ሕግ እስካላስገደደው ዝም ቢል ምንም የለበትም አለ፤ ሌላው ግን መናገር አለበት አለ። ኪኬሮ ከሁለተኛው ጋር ቆመ። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል።

«ቁጥሩን እኔ አልነካሁትም፤ የማላውቀውን ምን ብዬ ልንገራቸው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አታውቁም። በጃፓን መኪና በየጊዜው ሲመረመር ኪሎ ሜትሩ በምስክር ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፤ መኪናዋ ባሕር ተሻግራ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ግን ያ ወረቀት ቡሬ ድረስ አብሯት አይመጣም። ዲጂታሉን ቁጥር ደግሞ መሣሪያው ያለው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀንሰዋል።

ቁጥሩን ባታውቁም ጥርጣሬያችሁን ግን ታውቃላችሁ። ስትገዙ «ይህ ኪሎ ሜትር አይታመንም» ብላችሁ ዋጋ አስቀንሳችሁ ነበር። ስትሸጡ ያ ጥርጣሬ የት ገባ? ዘዳግም ምዕራፍ 25 በአንድ ከረጢት ትልቅና ትንሽ ሚዛን መያዝን የሚከለክለው ለዚህ ነው። በጥርጣሬ ገዝቶ በእርግጠኝነት መሸጥ ሁለት ሚዛን መያዝ ነው። በርበሬ ላይ ውኃ ረጭቶ የሚመዝን ሰውም ሚዛኑን አልነካም፤ ገበያው ግን ሌባ ይለዋል።

የታደሰ ሞተር ነውር የለበትም። ያረጀው ተፈትቶ፣ የተበላው ወጥቶ፣ በቦታው አዲስ ገብቷል። ኪሎ ሜትር መመለስ ግን ውስጡን ሳይነኩ ታሪኩን ብቻ መፋቅ ነው። ንስሐም እንዲሁ ነው፤ ያለፈውን ሳይክድ ልብን ይለውጣል። በመንፈሳዊ ሕይወታችንም ቁጥራችንን መልሰን ሞተራችንን እንዳለ የተውን ስንቶቻችን ነን?

እውነቱን መናገር ዋጋ ያስከፍላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለችው መኪና ተፈላጊ ናት፤ ዝም ያለ ብዙ ያተርፋል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ መጠበቅም አይበቃም። እውነቱ እስኪጠራ የሚከፍሉት እኚያ ገበሬ ናቸው፤ በርበሬያቸው ጋራዥ ይገባል።

ስለዚህ እንዲህ በሏቸው፦ «አባቴ፣ ይህን ቁጥር እኔም አላምነውም። ሞተሯ አምና ወርዶ ተሠርቷል፤ የሠራው መካኒክ ይኸው። እርስዎም የሚያምኑትን መካኒክ ያምጡና ኮምፕሬሽኑን ያስለኩ።» ምናልባት ዋጋ ይቀንሱባችኋል፤ ምናልባትም ትተዋችሁ ይሄዳሉ። በሚቀጥለው እሑድ ግን «ባልንጀራህን ውደድ» ብላችሁ ስትመሰክሩ፣ እኚያ አባት ከጀርባ ወንበር ቢቀመጡ አንገታችሁን አትደፉም።