መዝገብና ምሕረት

ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው ጎዳና ባለችው በጀውሃ፣ ጎረምሳው በሰርግ ቤት የተነሣውን ፎቶግራፍ ወደ ፌስቡክ በላከ ጊዜ፣ ምስሉ ባሕር ማዶ በሚገኝ ቤተ መዝገብ ከእልፍ አእላፋት ጋር ይከማቻል። የዚሁ ኩባንያ መሐንዲሶች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በአራት መጠን እየተቀመጠ ምስሎቹ ከ260 ቢሊዮን እንደበለጡ ገልጸው፣ ዲስኩ የእያንዳንዱን አድራሻ በመፈለግ እንዳይደክም ብዙውን በአንድ ታላቅ ፋይል አከታትለው ማኖራቸውን አስረድተዋል።

እኔን ግን እጅግ ያሳሰበኝ የስረዛው ሥርዓት ነው፤ በዚያ አሠራር ባለቤቱ «ይጥፋልኝ» ባለ ጊዜ ምስሉ የመሰረዝ ምልክት ብቻ ተደርጎበት፣ ፋይሉ ኋላ ተጣርቶ በአዲስ እስኪገለበጥ ድረስ ከዓይን ተሰውሮ በስፍራው ይቈይ ነበርና። ጀውሃ ያለችበት የይፋት ሙስሊምም ክርስቲያንም የሰው ሥራ በመላእክት እጅ እንደሚጻፍ ያምናል፤ ዳሩ ግን ያ መዝገብ በተውባ ወይም በንስሐ የሚደመሰስ፣ ባለቤቱም መሐሪ ነው። ማሽን ግን ያኖራል እንጂ አይምርም፤ የሟች እናትን መልክ ለልጇ መጠበቁ ታላቅ በጎነት ቢሆንም፣ በልጅነት አለማወቅ የተላከውንም በዚያው ትጋት ይጠብቃል። ስለዚህ የምሕረቱ ድርሻ በሠሪዎቹ ላይ ወድቋልና፣ የተሰረዘው ምስል በእርግጥ የሚጠፋበትን ቀን ቈርጠው ለላኪው ሊያስታውቁት ይገባል እላለሁ።