ሃምሳው ሎሚ በማን እጅ ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተረቱ በስብሰባ መክፈቻ፣ በዕድር ምሥረታና በመዋጮ ጥሪ ላይ ስለሚነገር ሰሚው የኅብረት ምክር አድርጎ ይወስደዋል። ሎሚውን ራሱን ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። የአገር ቤት ሎሚ ትንሽ ናት፤ ሃምሳው አንድ ላይ ቢመዘን ልጅ እንኳ ይሸከመዋል። ታዲያ ተራቹ ለምን ሸክም አለው? ነገሩ ክብደቱ ሳይሆን አያያዙ ነው። ዘንቢል የሌለው ሰው ሃምሳ ሎሚ ታቅፎ ሲሄድ አንዷ ትንከባለላለች፤ እሷን ለማንሳት ሲያጎነብስ ሌሎች ሁለት ይወድቃሉ።

ይህን ትርጓሜ ማንም ሳይነግራት የምታውቀው አስታማሚ ናት።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ፣ የሰው አረጋዊ በመንከባከብ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ሥራው «ሆም ሄልዝ ኤይድ» ይባላል፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማዛወር ነው። ከእነዚህ መካከል ሺፍቷን ጨርሳ ቤት ስትገባ ያንኑ ሥራ ለእናቷ እንደገና የምትጀምር አለች። የሰው እናት በደመወዝ፣ የራስ እናት በእንቅልፍ። የጠዋቱ ክኒን፣ የስኳር ልኬቱ፣ የቀጠሮው መኪና፣ ኢንሹራንሱ እስኪያነሳ ስልክ ይዞ መጠበቁ፣ በሐኪሙና በእናት መካከል ማስተርጎሙ፤ አንዱም ለብቻው ከባድ አይደለም። ሁሉም ሎሚ ነው።

ብዙ ቤተሰብ «ሜዲኬር አለ» ብሎ ይጽናናል። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ግን አሲስትድ ሊቪንግ በሚባለው የአረጋውያን መኖሪያ ለገባ ሰው የክፍሉንና የምግቡን ሂሳብ አይከፍልም። ቤት ለቤት የሚሸፍነው አገልግሎትም ከቤት መውጣት ለተቸገረና የነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ሙያ ለሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ያውም ለተወሰነ ሰዓት። ቀኑን ሙሉ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው አይልክም። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሜዲኬይድ የተባለው ሌላው የመንግሥት መድን ሊደርስለት ይችላል፤ ደንቡ ግን እንደየስቴቱ ይለያያል። በሁለቱ መካከል የወደቀ ቤተሰብ ወይ ከኪሱ ያወጣል፣ ወይ ከልጆቹ አንዷን ሥራ ያስለቅቃል። «አንዷን» የተባለው በስሕተት አይደለም።

ተረቱን ወደ ደንብ ለመለወጥ የቀረበው ለሞት የተቃረበን ሰው የሚንከባከበው ሆስፒስ ነው። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥለው በሆስፒታል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆኑ። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን ሲከፍቱ፣ የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የቤተሰብና የነፍስም ነው የሚል እምነት ነበራቸው። አሜሪካ በ1982 በወጣ ሕግ ሆስፒስን ሜዲኬር ውስጥ አስገባች። ሕመሙ በተለመደው መንገድ ከሄደ ዕድሜው ከስድስት ወር አይበልጥም ብለው ሐኪሞች ሲያረጋግጡ፣ ነርሷ፣ ሐኪሙ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፣ የሃይማኖት አባቱና አጣቢዋ፣ አልጋውና የሕመም ማስታገሻው ጭምር ቤት ድረስ ይመጣሉ። ደንቡ አንድ የሚገርም አንቀጽም አለው፦ የበጎ ፈቃደኞች ሰዓት ተከፋዮቹ ለታማሚ ከሚሰጡት የእንክብካቤ ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶ መድረስ አለበት። ጎረቤትን በሕግ ያዘዘ የሕክምና ደንብ ሌላ ይኖር ይሆን?

ሆስፒስ ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው ግን «በቃ፣ አለቀ» የሚል ቃል ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ግን በፌብሩዋሪ 2023 ፕሌንስ በምትባለው የጆርጂያ ትንሽ ከተማ፣ በገዛ ቤታቸው፣ በሆስፒስ ክትትል ሥር ገቡ። ያረፉት በዲሴምበር 2024 ነው። በመካከሉ 100 ዓመት ሞላቸው፤ ለምርጫም ድምፅ ሰጡ። ባለቤታቸው ሮዛሊን ደግሞ በኖቬምበር 2023 ሆስፒስ መግባታቸው በተነገረ በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። በአንድ ቤት ውስጥ ለአንዱ ወደ 22 ወር፣ ለሌላዋ ጥቂት ቀን። እርግጥ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ሃምሳ ሰው አያጣም። ቢሆንም ሮዛሊን ገና በ1987 ለአስታማሚዎች የሚቆም ተቋም መሥርተው ነበር፤ ሸክሙ የት እንደሚያርፍ አውቀዋል።

በኢትዮጵያውያን ቤት ሌላ እንቅፋት አለ። ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም፤ ሐኪሙ ለልጆቹ በሹክሹክታ እንዲናገር ይለመናል። ፍቅር ነው። ነገር ግን ሆስፒስ ለመግባት ታማሚው ወይም ወኪሉ አውቆ መፈረም አለበትና፣ ምስጢሩ በተጠበቀ ቁጥር ረዳቶቹ ሳይጠሩ ይቆያሉ። ሲጠሩም የመጨረሻው ሳምንት ይሆናል።

ጠያቂስ? ሃምሳ ሰው ከተባለ ጠያቂ ሞልቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎኑ ይጠባል፤ ሙዝና ብርቱካን ይከመራል፤ «እግዜር ይማርዎት» ይዘንባል። አስታማሚዋ ቡና ታፈላለች፣ ሲኒ ታጥባለች፣ የሕመሙን ታሪክ ለገባው ሁሉ ከመጀመሪያው ትተርካለች። እንግዳው ሲወጣ ሌሊቱ ይመጣል፤ እናት ስትቃትት የምትነሳው ያቺው አንዷ ናት። እዚህ ላይ ተረቱ አንድ ነገር ሳይናገር አልፏል፦ ለሃምሳው ሰው ሃምሳውን ሎሚ ማን አደለ? ሎሚ በራሱ እየተንከባለለ ወደየእጁ አይገባም። «ምን ልርዳሽ?» የሚል ጠያቂ የምትሰጠውን ሥራ እሷው እንድታስብ ሌላ ሎሚ ይጨምርባታል። «ማክሰኞ ማክሰኞ ሌሊት እኔ አድራለሁ» ያለ ግን አንዷን ተቀበለ።

ማደሉንስ ዕድር ያውቅበታል። ድንኳኑን ማን ይተክላል፣ ወንበሩን ማን ያመጣል፣ ንፍሮውን ማን ይቀቅላል፣ ሁሉም በተራ ነው፤ ሳይወጣ የቀረ ይቀጣል። የታመመ አባል መጠየቅን በደንባቸው ያስገቡ ዕድሮችም አሉ። ትልቁ ጉልበት የሚመጣው ግን ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ከሞት በፊት ያለውን ወራት ለመሙላት አዲስ አበባ ላይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን ወደ ታማሚ ቤት ይልካል፤ መቄዶንያ የተባለው የበጎ አድራጎት ማዕከልም ቤትም ሰውም የሌላቸውን አረጋውያን ሰብስቦ ይጦራል። የሰፈሩ የተራ መዝገብ ግን ዛሬም የሚገለጠው በአብዛኛው ለቀብር ነው።

የአሜሪካው ሆስፒስም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን አይሸከምም፤ ነርሷ ስልክ ታነሳለች፣ ስትፈለግም ትመጣለች እንጂ አታድርም። አስታማሚዋ ስትዝል ግን ታማሚውን ለተከታታይ እስከ 5 ቀን ሌላ ተቋም ተቀብሎ እንዲያቆየው ሜዲኬር ይፈቅዳል፤ እሷ እንድትተኛ ብቻ። ይህን መብት ሳያውቁ የሚጨርሱ ቤተሰቦች አሉ።

ሞት ሲመጣም ሆስፒሱ መዝገቡን ወዲያው አይዘጋም። ለሐዘንተኛው የሚያደርገው ክትትል እስከ አንድ ዓመት ይዘልቃል፤ ልክ እስከ ሙት ዓመቱ። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ዐርባው ወጥቶ፣ ዘመድ ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላ ባለው ጸጥታ ስልክ ይጮኻል። ደዋይዋ ስለ ሟች አትጠይቅም። እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ምግብስ ትበያለሽ?