ተቀናቃኝ ሲጠፋ

“ተቀናቃኝህ ቢጠፋልህ ትጠቀማለህ ወይ?” ብሎ መጠየቅ መቼም የሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ነጋዴውም፣ ፖለቲከኛውም፣ ደራሲውም መልሱ አፉ ላይ ነው፤ “እንዴታ!” እኔ ግን ሰሞኑን ስለ ኤሌክትሮኖች ሳነብ ጥያቄው አልለቀኝ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እየተጋጩ ሲያልፉ ጉልበት ይባክናል፤ ሽቦ የሚሞቀውም ለዚህ ነው። ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1911 ሜርኩሪን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ቢያቀዘቅዘው፣ ይህ ተቃውሞ ድንገት ብን ብሎ ጠፋ። ሱፐርኮንዳክተር የሚባለው እንግዲህ ይኼ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ልብ ይፈስሳሉ። በአንዳንድ ማዕድን ውስጥ ግን እነዚሁ ኤሌክትሮኖች ሌላ ስምምነት ያደርጋሉ፤ እዚህ ጠቅጠቅ፣ እዚያ ሳሳ እያሉ እንደ እርሻ ትልም ይሰለፋሉ። የቻርጅ ጥግግት ሞገድ ይሉታል።

መፍሰስና መሰለፍ ይሻማሉ። ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን በተሠራ ውህድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡ የኤክስሬይ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ቅዝቃዜው ሲጨምር ሞገዱ ይበረታል፤ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ሲጀምር ግን ይደክማል። ሱፐርኮንዳክተርነቱን በማግኔት ሲጫኑት ደግሞ ሞገዱ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ፊዚሲስቶቹም “ተፎካካሪዎች” አሏቸው። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው እዚች ቃል ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ፉክክር ሁለት ወገን ይፈልጋል። እዚህ ያለው ግን ሁለት ሐሳብ የያዘ አንድ የኤሌክትሮን መንጋ ነው።

የኒዮቢየም ዳይሴሌናይድ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በዚህ ክሪስታል ሞገዱ ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ ግድም ይነሳል፤ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ከዜሮ በታች 266 ላይ ይከተላል፣ ያውም ሞገዱ ሳይጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ክሪስታሉን በኤሌክትሮን ጨረር እየደበደቡ ሥርዓቱን ቀስ በቀስ አናጉት። መጀመሪያ ላይ ሞገዱ ሲዳከም ሱፐርኮንዳክተርነቱ ተሻለው፤ ከቀድሞው ከፍ ባለ ሙቀት መጀመር ቻለ። ድብደባው ቀጥሎ ረጅም ርቀት የሚዘልቀው የሞገዱ ሥርዓት ሲጠፋ ግን ሱፐርኮንዳክተርነቱም ባንዴ አሽቆለቆለ። ለውጡ በዲግሪ ሽርፍራፊ የሚለካ ቢሆንም ነገሩ ያስደነግጣል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ ሞገዱን የወለደው የክሪስታሉ ለስላሳ ንዝረት ጥንዶቹንም ሲደግፍ ኖሯል።

እስቲ አስቡት፤ ሙከራውን እኩሌታው ላይ ጥሎ የወጣ ሰው ምን ብሎ ይመክራል? “በሉት! ድገሙት!” ነው የሚለው። ያውም ማስረጃ ይዞ። እኛስ “እሱ ሲወርድ እኔ ወጣሁ” ብለን በባላንጣነት የመዘገብነው ስንቱን ነው? የጋራ ምንጫችንን ማን መረመረው?

ደግሞ ይህን ይዞ “ተቀናቃኝህን ሁልጊዜ አቅፈህ ኑር” ብሎ መስበክም አያዋጣም። ቲታኒየም ዳይሴሌናይድ የሚባል የቅርብ ዘመድ አለ። እሱ ውስጥ መዳብ ሲጨመር ሞገዱ እየደከመ ይሄዳል፤ ሱፐርኮንዳክተርነቱም ብቅ የሚለው ያን ጊዜ ነው።