የሕፃን እንባ የማን ፈተና ነው?



አንድ ሕፃን የሚወዳትን ጫጩት ጭልፊት ወስዶበት መሬት ላይ እየተንከባለለ ቢያለቅስ ምን ይሉታል? ከብዙዎቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ዝም በል!» የሚል ቃል ነው። እርሱ ካልሠራ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እንላለን። ያም ካልበቃ ጅብ እንጠራበታለን። ለመሆኑ ማዘን ጥፋት ነውን? ሕፃንስ በሐዘኑ ሊቀጣ ይገባዋልን?

የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን ወደ እነ አነስ ቤት ሲገቡ ልጁን አዝኖ አዩት። ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ወፉ እንደሞተችበት ተነገራቸው። እርሳቸውም እንደ ትልቅ ሰው በኩንያው ጠርተው ስለ ወፏ አነጋገሩት። ልብ ይበሉ! የሙስሊሙን ኅብረተሰብ ጉዳይ ሁሉ የተሸከሙት መልእክተኛ ለአንዲት ወፍ ሞት ጊዜ አላጡም። ወፏ ለጎልማሳ ኢምንት ናት፤ ለአቡ ዑመይር ግን ትልቅ ሀብቱ ነበረች። የሐዘንን ክብደት የሚያውቀው ባለሐዘኑ እንጂ ተመልካቹ አይደለም።

«ታዲያ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር እያባበልን ልናሞላቅቀው ነውን? ‹በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ› ይባል የለምን?» የሚል ይኖራል። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ምን እንደተተረተ እናስተውል። ያ ልጅ ሳይቀጣ የቀረው እንቁላል ሰርቆ እንጂ አልቅሶ አይደለም። የተቆጣ ልጅ ታናሹን ሊመታ ቢነሣ እጁን መያዝ፣ የሰው ዕቃ ቢሰብር ማረም ተገቢ ነው። የሚታረመው ግን ሥራው ነው እንጂ በልቡ የተነሣው ስሜት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አነባ፣ ልባቸው አዘነ፤ ምላሳቸው ግን አላህን ከሚያስደስት ቃል አልወጣም። አብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) በእንባቸው ተደንቀው ሲጠይቋቸው፣ እንባው እዝነት መሆኑን ነገሯቸው። ታዲያ እኛ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምንለውን ከወዴት አመጣነው?

ሌላም ነገር አለ። በሸሪዓችን ለአቅመ አዳም ባልደረሰ ልጅ ላይ ወንጀል አይጻፍበትም። አጠገቡ የቆመው አባት፣ እናት ወይም ኡስታዝ ግን ሙከለፍ ነው፤ ቃሉም ዱላውም ይጻፋል። እንግዲህ ሕፃኑ ሲጮህ የሚፈተነው እርሱ ሳይሆን እኛ ነን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለትም ጋደም እንዲል የመከሩት ምክር ለዚህ ሰዓት እጅግ ይበጃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የራስን ቁጣ ማብረድ፣ ቀጥሎ ወደ ልጁ ዝቅ ብሎ «ምን ሆንክ የኔ ልጅ?» ማለት፣ መልሱንም ሳያቋርጡ መስማት ያስፈልጋል። የጠየቀው የማይሰጠው ነገር ከሆነ እንባው ክልከላውን አያስነሣም፤ ሆኖም እየከለከሉም ማቀፍ ይቻላል። በጩኸት ዝም ያሰኘነው ልጅ ሐዘኑን ከእኛ መደበቅ ይማራል እንጂ ሐዘኑ አይለቀውም። ነገ የሚደብቀውም የወፍ ሞት ብቻ አይሆንም። ሰው ቢበድለው ወይም መጥፎ ጓደኛ ቢያጠምደው ለማን ይናገር? ዛሬ ለትንሹ ሐዘኑ ያልተከፈተ ጆሮ ነገ ለትልቁ ይከፈታል ብሎ አያምንም።

አላህ (ሱ.ወ.) ቁጣችንን የምንውጥ፣ ለልጆቻችን የምንራራ ያድርገን። አሚን።