በደለኛ በየትኛው አፉ ይዘምራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች! በዚህች አጭር ጽሑፍ ላካፍላችሁ የፈለግሁት በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ለመናገር ባፍርበትም፣ ከመካከላችን በዚሁ ዓይነት ምክንያት ከመዝሙር የራቁ እንዳሉ ስለማውቅ ዝም ማለቱን አልወደድሁትም።

ባለፈው ጥር ወር ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድሁ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ለቅቀን ወደ ይፋት ቆላ ስንዘልቅ፣ በደጋው የተከናነብሁትን ጋቢ አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። ቤት ስደርስ አባቴን ወገቡን አሞት አገኘሁት። በመስኖ የተከልነው ሽንኩርት ነበርና ማጠጣቱ በእኔ ላይ ወደቀ። እንደምታውቁት በበጋ ውኃው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ የሚጠጣው በተራ ነው።

የእኛ ተራ በደረሰበት ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝና ሰዓቱ አለፈ። ስነቃ ውኃው ወደ ጎረቤታችን መደብ ዞሯል። ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ ሙስሊም አባት ናቸው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ «ልጄ» እያሉ የሚጠሩኝ ሰው ናቸው። ቦዩን ወደ ማሳቸው ከፍተው ወደ ቤታቸው ገብተው ነበር። ዙሪያዬን ተመለከትሁ፤ ማንም የለም። ቦዩን በአፈር ደፈንሁና ውኃውን ወደ እኛ መለስሁት። ሊነጋ ሲል አፈሩን አንሥቼ፣ ሁሉን እንደነበረ አድርጌ ሄድሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የእርሳቸው ችግኝ በፀሐይ ጠውልጎ አየሁት። «ውኃው መንገድ ላይ ሰርጎ ቀርቶብኝ ይሆናል» ብለው ለአባቴ ሲነግሩት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል አልወጣኝም።

ጥር 21 ቀን የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበር። የመዝሙር ልብሴን ለብሼ በመካከላችሁ ቆምሁ። ከበሮው ተመታ፤ እናቶች እልል አሉ፤ የእኔ አፍ ግን አልከፈት አለ። «የሽማግሌ ውኃ ሰርቀህ በየትኛው አፍህ ትዘምራለህ?» የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ከሰልፉ ወጥቼ ከዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። «ሕይወቴን ሳስተካክል እመለሳለሁ፤ እስከዚያው በቆሸሸ አፌ ስሙን አልጠራም» አልሁ። ይህም ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ይህ ሐሳብ ለጆሮ መንፈሳዊ ይመስላል። እስቲ ቀስ ብለን እንመርምረው። ምስጋና የንጹሕ ሰው ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን ማን ይቆም ነበር? እግዚአብሔርን የምናመሰግነው እኛ ደጎች ስለሆንን ነውን? አይደለም፤ እርሱ ደግ ስለሆነ ነው። እኔ ስበድል የእርሱ ቸርነት አልጎደለም፤ እኔ ዝም ስልም ለምስጋና የሚገባው መሆኑ አልቀረም። ስለዚህ ያ ዝምታዬ በውስጡ ትዕቢት ነበረበት፤ ምክንያቱም ምስጋናውን በእርሱ ቸርነት ላይ ሳይሆን በእኔ ንጽሕና ላይ አቁሜው ነበርና።

ነቢዩ ዳዊትን እንመልከት። የሠራውን በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 እናነባለን፤ የኦርዮን ሚስት ወሰደ፣ ኦርዮንም አስገደለ። መዝሙር 50ን የጸለየው ነቢዩ ናታን በደሉን ከገለጠበት በኋላ መሆኑን የመዝሙሩ ርእስ ይነግረናል። በዚያ ጸሎት ውስጥ ምሕረትንና መንጻትን ለምኖ ሳያበቃ፣ ምስጋናውን ይናገር ዘንድ ከንፈሩን እንዲከፍትለት ፈጣሪውን ይለምናል። ልብ በሉ! ኦርዮ ከመቃብር አልተነሣም፤ የዳዊትም ሕፃን ሞተ። ሆኖም ሕፃኑ በሞተ ጊዜ ዳዊት ከምድር ተነሥቶ፣ ታጥቦና ልብሱን ለውጦ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ (2ኛ ሳሙ. 12፥20)። ሁሉ ነገር እስኪስተካከል አልጠበቀም። የማይስተካከልም ነገር ነበረና።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «እንግዲያውስ እየሰረቅን እንዘምር ልትለን ነውን?» ይለኝ ይሆናል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። በነቢዩ አሞጽ ዘመን ድሃውን እየበደሉ በዓል የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። እግዚአብሔርም የዝማሬያቸውን ጩኸት ጠላ፤ ከዜማቸው ይልቅ ፍርድ እንደ ውኃ እንዲፈስስ ፈለገ (አሞ. 5፥21-24)። እኔ ደግሞ የጎረቤቴን ውኃ እንዳይፈስስ የደፈንሁ ሰው ነኝ! እነዚያ ሰዎች በመዝሙር በደላቸውን ሸፈኑበት። ዳዊት ግን በደሉን ገልጦ ዘመረ። ልዩነቱ ይህ ነው። በደሉን የሚደብቅ መዝሙር ሐሰት ነው፤ በደሉን የሚናዘዝ መዝሙር ግን የንስሐ ወገን ነው። በቅዳሴያችንስ ምስጋናና የምሕረት ልመና ጎን ለጎን ሲሄዱ አይደለምን የምንሰማው?

በዚያው ምሽት ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። ከመዝሙር ለመቅረት መወሰኔንም አከልሁላቸው። እርሳቸውም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታችን ስለ መባ ያስተማረውን አስታወሱኝና፣ «ልጄ፣ መባህን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ የሚል ታገኛለህን? እዚያው መሠዊያው ፊት ተወው፣ ሂድና ታረቅ፣ ከዚያም መጥተህ አቅርብ ነው የሚለው። አንተ ግን መባህንም ይዘህ ወጣህ፤ ለመታረቅም አልሄድህም» አሉኝ። እውነት ነበር። ከዛፍ ሥር ተቀምጬ በነበረበት ሰዓት እግዚአብሔርም ምስጋናውን አላገኘም፤ ጎረቤቴም ውኃቸውን አላገኙም።

በማግሥቱ ከአባቴ ጋር ወደ እኒያ ሽማግሌ ቤት ሄድን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። የሠራሁትን ስናገር ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኔ እኮ ቦዩን ስረግም ሰነበትሁ!» አሉ። ከዚያም፣ «ነገ ሌሊት ተራው የእኔ ነው። ዐይኔ በጨለማ አያይልኝም፤ አንተ አጠጣልኝ» አሉኝ። ውኃ ለሰረቀ ልጅ ውኃቸውን አደራ ሰጡት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ከእኛ መደብ ችግኝ ነቅዬ በደረቀው ምትክ ተክዬላቸው ነበርና ውኃውን በየመስመሩ እየመራሁ አጠጣሁ። በዚያች ጨለማ፣ እግሬ ጭቃ ውስጥ ሆኖ፣ ሳላስበው በጥር 21 ያልዘመርሁትን መዝሙር በለሆሳስ ስል ራሴን አገኘሁት።

የተወደዳችሁ! ዛሬም ፍጹም አልሆንሁም። ወደ ትምህርቴ ከተመለስሁ ወዲህ የጠዋት ጸሎቴን በስንፍና የተውሁባቸው ቀኖች አሉ፤ ጓደኛዬን በቁጣ የተናገርሁበትም ቀን አለ። ነገር ግን ከእንግዲህ በደሌን ከመዝሙር መሸሻ አላደርገውም። ይህን ስል ያለ ንስሐ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንቅረብ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ እያንዳንዱ ራሱን መርምሮ እንዲቀርብ አዝዟል (1ኛ ቆሮ. 11፥28)። የምለው፣ ወደ ንስሐ የሚወስደውን መንገድ ምስጋናን ትተን አንጀምረው ነው።

እንግዲህ በመዝሙር ሰልፋችን ውስጥ ቦታህ ባዶ የሆነው ወንድሜ፣ ልብስሽን አጥፈሽ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥሽው እኅቴ ሆይ! የበደልኸው ሰው ካለ ዛሬውኑ ሂድ፤ የወሰድሽው ካለ መልሺ፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ከዚያም ኑና አብረን እንቁም። ድምፃችን ቢንቀጠቀጥም የሚሰማን አምላክ ከዚህ ቀደም የሰማው የእኛን ዓይነት ሰዎች ነው።

ልባችንን ለንስሐ፣ አፋችንንም ለምስጋና እርሱ ይክፈትልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።