ምጣዱ ሳይፈተሽ

ዲላ፣ እናቴ ቤት፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ባለፈው ዓመት ለተወሰኑ ወራት በበሩ በኩል ያለውን ጎን እያሳረረ፣ በግድግዳው በኩል ያለውን ጥሬ ያስቀር ነበር። እንጀራው ሲወጣ ግማሹ ቡናማና ደረቅ፣ ግማሹ ዓይን የሌለው ሊጥ ነገር። እኛ ቤት ደግሞ እንጀራ ሲበላሽ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዛሬ ማናት የጋገረችው?»

የጋገረችው ሁሌም ያቺው ልጅ ነበረች። ከቡሌ ነው የመጣችው፤ ቀን እኛ ቤት ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ቡሌ ደጋ ነው፣ የእንሰት አገር። እዚያ ያደገች ልጅ ከቆጮ ጋር እንጂ ከጤፍ ጋር አትተዋወቅም ብለን ስለምናስብ ምክንያቱ ገና ሳይፈለግ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «እጇ አልለመደም»። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ የበላነውን ደህና እንጀራ የጋገረው የማን እጅ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፤ ኮድ እጽፋለሁ። ለፋሲካ ስወርድ ያን እንጀራ መሶብ ላይ አየሁትና «ይሄማ የዓለም ካርታ ነው፣ ሰሃራ እዚህ ጋ» ብዬ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቀ። ልጅቷ የእጅ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ በስልክ «ሂሳቧን ሰጥቼ ሸኘኋት» አለችኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። በቃ፣ ያልኩት እሱን ብቻ ነው።

ቀጥሎ አክስቴ ጋገረች፤ ያው ካርታ። እናቴ ራሷ ጋገረች፤ ያው ካርታ። ክረምት ላይ ስመጣ «አንተ ኢንጂነር አይደለህ፣ እስቲ ይሄን ነገር እየው» ተባልኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ምጣዱን ከሶኬት ነቅዬ ግማሽ ዙር አዞርኩትና እናቴ እንደገና አሟሽታ እንድትጋግር ጠየቅኳት። ጥሬው ቦታ አሁንም በግድግዳው በኩል ከሆነ ችግሩ ወይ ማስቀመጫው አዘንብሎ ሊጡ ወደ አንድ ወገን እየፈሰሰ ነው፣ ወይ የበሩ ንፋስ ነው፣ ወይ የጋጋሪዋ እጅ ነው። ጥሬው ከምጣዱ ጋር አብሮ ከዞረ ግን ችግሩ ምጣዱ ውስጥ ነው። አክንባሎው ሲነሳ ጥሬው በበሩ በኩል ነበር። አብሮ ዞሯል።

መብራቱ ደክሞ ይሆን ብዬም አስቤ ነበር፤ ዲላ ውስጥ ማታ ማታ ይደክማል። 220 ቮልት መሆን የነበረበት 180 ሲሆን ምጣዱ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ግን እንዲህ ሲሆን ምጣዱ በሙሉ ነው የሚቀዘቅዘው፤ አንድ ጎን መርጦ አይደለም። ስለዚህ ቀዝቀዝ ሲል ገልብጬ ከፈትኩት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲከፈት በጣም ቀላል ነገር ነው። 60 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸክላ፤ ከሥሩ እየተጠማዘዘ የሚዞር ቦይ፤ ቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ፤ ሽቦውን የሚሸፍን ጄሶ፤ ከዚያ ቆርቆሮ። ሁሉም ተደምሮ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር ስለሆነ የሚያልፍበት ከረንት የትም ቦታ እኩል ነው። እኩል የማይሆነው ሙቀቱ ነው፤ እሱን የሚወስነው እዚያ ቦታ ላይ ስንት ዙር ሽቦ እንዳለ ነው። ጥቅልሉ ጠበቅ ባለበት ይግላል፣ በተለጠጠበት ይቀዘቅዛል።

የእኛው ተለጥጦ ነበር። ከፋሲካ ጥቂት ወራት በፊት ሽቦው ተቃጥሎ ሲበጠስ ሰፈር ውስጥ ተጠግኗል፤ ጠጋኙ የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ስቦ አገናኝቶታል። በአንዱ ጎን ሩብ ያህሉ ቦይ ውስጥ ያለው ሽቦ ከስፕሪንግነት ወጥቶ ቀጥ ወደማለት ደርሷል። ሽቦው ስላጠረ ደግሞ ሬዚስታንሱ ቀንሶ የሚስበው ከረንት ጨምሯል፤ ስለዚህ ያልተለጠጠው ጎን ከድሮውም በላይ ጋለ። ጥሬውም አራራውም፣ ሁለቱም ከአንድ ቁራጭ ሽቦ የመጡ ናቸው።

ሥራ ቦታ ሲስተም ሲበላሽ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «መጨረሻ ላይ የተቀየረው ምንድን ነው?» የሚል ነው። እኛ ቤት መጨረሻ ላይ የተቀየረው ምጣዱ ነው። ልጅቷ አልተቀየረችም። ይሄን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ዲግሪው ነበረኝና አላየሁትም።

ከእኛ ቤት በጣም የሚርቅ፣ ግን ቅርጹ አንድ የሆነ ታሪክ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ፖስታ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የሚያቀርበውን ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ሶፍትዌር በቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ሶፍትዌሩ የሌለ ጉድለት እያሳየ እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሂሳብ ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ። ደውለው ሲያመለክቱ ብዙዎቹ «ይሄ የገጠመው እርስዎን ብቻ ነው» ይባሉ ነበር። ፍርድ ቤት ሶፍትዌሩ ጉድለት እንደነበረበት ያረጋገጠው በ2019 ነው፤ ፍርዶቹን በጅምላ የሻረው ሕግ የወጣው በ2024። የእንግሊዝ ሕግ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር ኮምፒውተር በትክክል እንደሚሠራ ይገምታል። እኛ ቤትም ምጣዱ ተመሳሳይ ክብር ነበረው።

«እና ሁሌ ጥፋቱ የዕቃ ነው ልትል ነው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይደለም። አብሲቱ ካልተጣለ፣ ሊጡ ከቀጠነ፣ ምጣዱ ሳይግል ከተፈሰሰ፣ ጥፋቱ የሰው ነው፤ ማንም ሽቦ ለዚህ አይጠየቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ፍተሻው ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ ደንብ «መጀመሪያ ርካሹን ፈትሽ» ይላል፤ ኮዱን ከመበርበርህ በፊት ገመዱ መሰካቱን እይ እንደማለት። ጥሩ ደንብ ነው። ግን ለማን ነው ርካሽ የሚሆነው? ምጣድ ማዞር አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ልጅቷን መሸኘትም ብዙ አልፈጀም፤ ዋጋውን የከፈለችው እሷ ስለሆነች ለእኛ ርካሽ መሰለን። ሊከራከረን ከማይችል ሰው እንጀምራለን፣ ከዚያ የጀመርንበትን እንደ መልስ እንወስደዋለን።

ጌዴኦ ውስጥ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ከሳሽም ተከሳሽም ይናገራል። ግን ለእንጀራ ብሎ ሶንጎ የሚያስቀምጥ ማን አለ? በቤት ውስጥ የሚደረግ ግፍ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ዳኛ ለመጥራት ያንሳል፣ ለተበደለው ሰው ግን አንድ ዓመት ያህላል።

ሶፍትዌር ቤቶች ችግር ሲደርስ ማንንም ሳይወቅሱ ምን እንደተፈጠረ ብቻ የሚመዘግቡበት ልማድ አላቸው። እወደዋለሁ፣ ሰው እውነቱን እንዲያወጣ ያደርጋል። ይሄን ታሪክ በዚያ ፎርም ልጽፈው ሞክሬ ነበር። «ምክንያት፦ የተለጠጠ ሽቦ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ሽቦው እንጀራውን ነው ያሳረረው። ልጅቷን አላባረራትም፣ በሰው ፊትም አልቀለደባትም።

እናቴ ስልኳን ከዘመድ ፈልጋ ደወለችላት። «ለካ ምጣዱ ነው» አለቻት። ድምፁን ከፍተን ስለነበር መልሷን ሰምቻለሁ፦ «እትዬ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ። በዚያ በኩል አይግልም ብዬ።» እናቴ አስታወሰች። ያኔ «ምጣዱን ሰበብ አታድርጊ» ብላት ነበር። የሆነውን ነገር በትክክል የነገረችን ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች፤ እኛም ንግግሯን ከጥፋቷ ጋር ደመርነው።

ለተበላሸው ሊጥ ከደሞዟ የተቆረጠ ብር ነበር፤ እሱን በሞባይል ላክንላት። ተመለሺም ተባለች፣ እንቢ አለች፤ ይርጋጨፌ ሌላ ሥራ ይዛለች። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ስለ ካርታው ቀልድ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ኧረ ችግር የለም» አለች፣ ሁላችንም እንደምንለው፤ ምን ማለቷ እንደሆነ እንጃ። እናቴ የማታ ትምህርቱን ስትጠይቃት ፈተናው እንዳመለጣት ነገረችን። «በመስከረም እመዘገባለሁ» አለች።

ይሄን የምጽፈው በነሐሴ ነው።